ጨለማ በቡፌ አትሽጡልን

አያዋጣም። ሰላምታው ይቆየኝና መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጀንበር ስትጠልቅ ጀልባ ተሳፍሮ፣ በጨለማ ውኃ ላይ ቡፌ በልቶ፣ በስፒከር ጆሮን አስደብድቦ መመለስ ለሚጠየቅበት ብር አይመጥንም። ባሕር ዳር ቢሆን አይመጥንም፤ ጎርጎራ ቢሆን አይመጥንም፤ ነገ ንጋት ሐይቅ ላይ ቢጀመርም አይመጥንም።

ጥምቀት በተቃረበ ቁጥር ስልኬ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ይጮኻል። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ፣ የአክስቴ ልጅ ከቶሮንቶ፣ ልጁን ጎንደር ላይ የሚድር ወዳጄ ከአዲስ አበባ። «ጋሼ፣ እንግዶቹን ጣና ላይ እራት ብንጋብዛቸውስ? ፎቶው ደስ ይላል አሉ።» ፎቶው ደስ ይላል፤ አልክድም። ታዲያ ፎቶው የሚነሣው ጀልባው ከወደቡ ሳይላቀቅ፣ ብርሃን ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ፎቶ ሲያነሣ ያየሁት የለም።

እኔን የሚጠይቁኝ የአዲ አርቃይ ሰው ስለሆንኩ ነው። አዲ አርቃይ ሐይቅ የላትም። ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ተወርዶ፣ ዛሪማ ታልፎ የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ በግጭ፣ በጨነቅ አድርጎ፣ ራስ ደጀን ደርሶ የሚወርደው ረጅሙ የእግር ጉዞ የሚያበቃው እኛ ዘንድ ነበር። ሰላሙ ሰላም በነበረበት ጊዜ ፈረንጆቹ ጓዛቸውን በበቅሎ አስጭነው፣ እግራቸው ተላልጦ፣ ፊታቸው በፀሐይ ተገሽልጦ ሲገቡ እያየሁ ነው ያደግኩት። አንዳቸውም ገደሉ አፋፍ ላይ ቡፌ ካልተዘረጋልን አላሉም። ቀን ዋልያውንና ጭላዳውን ያያሉ፤ ማታ ከተማ ገብተው የፈላ ሽሮ ሲቀርብላቸው ሳህኑን ጠርገው ይበላሉ። ለማየት ጊዜ አለው፤ ለመብላትም ጊዜ አለው። የእራት ጀልባ የሚባለው ነገር ሁለቱን በአንድ ሰዓት አጭቆ፣ ሁለቱንም አበላሽቶ፣ የሁለቱንም ዋጋ ይቀበላችኋል።

እስቲ ሰዓቱን ራሱን እንየው። ጣና ያለው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በዚህ አገር ጀንበር ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይን ይይዛል። ጀልባው «11 ሰዓት ተኩል ይነሣል» ይባላል። የዘገየ እንግዳ ሲጠበቅ፣ ለስላሳው ሲጫን፣ ጀነሬተሩ እምቢ ሲል 12 ሰዓት ያልፋል። ምግቡ ሲቀርብ ውጭው ጥቁር ሰሌዳ ሆኗል። ገዳሙ አይታይም። ጉማሬው አይታይም። የደንገል ታንኳውን ሲቀዝፍ የዋለው ሰውዬም ቤቱ ገብቷል። መስኮቱ ላይ የምታዩት የገዛ ፊታችሁን ነው፤ ያውም እያኘከ።

«ፓሪስ እንዴት ይሠራል ታዲያ?» ይለኛል የቶሮንቶው። ፓሪስማ ይሠራል! በሰኔ ወር እዚያ ጀንበር የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሰው እራቱን ጨርሶ ቡናውን ሲጠጣ ገና ብርሃን ነው። ሲመሽ ደግሞ ጨለማው ራሱ ትርዒት ነው፤ ድልድዩ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ኤፌል ግንቡ ሁሉ በመብራት ተንቆጥቁጦ ወንዙ ዳርና ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል። ባቶ ሙሽ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ በሴይን ወንዝ ላይ ሰው ሲያንሸራሽር የኖረው ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ያሉት ዘመዶቼ የሚወዱት የፖቶማክ ወንዝ መርከብም እንዲሁ ነው፤ ሐውልቶቹ ይበራሉ፣ ወንዙ ጠባብ ነው፣ ከተማው በሁለት በኩል ያጅባል። ጣና ግን ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሐይቅ ነው። በቀትር እንኳ ማዶው አይታይ። በምሽት ምን ሊያሳየን ነው? ደሴቶቹ ላይ አምፖል ደርድረን ሴይንን እንምሰል የሚል «ባለ ራእይ» ከመጣ ደግሞ ቀድሜ ልናገር፦ ገዳም ነው። መነኮሳቱ በሌሊት ሰዓታት ይቆማሉ። የእኛን ጉርሻ ለማድመቅ ባውዛ አይተከልባቸውም።

ካይሮን ሳላነሣ አላልፍም። የዛሪማ ውኃ ተከዜ ይገባል። ተከዜ ሱዳን ይሻገርና አትባራ ሆኖ ከናይል ይቀላቀላል። ከናይል ውኃ 85 በመቶ ያህሉ የኢትዮጵያ ነው፤ የተከዜም ድርሻ በውስጡ አለበት። እንግዲህ ካይሮ ላይ ቡፌ ዘርግተው፣ ታኑራ ጨፋሪ ቀሚሱን እያሽከረከረ፣ የሆድ ዳንሰኛ እያስጨፈሩ ሁለት ሰዓት የሚንሳፈፉት መርከቦች ከሥራቸው ከደጃችን ገደል የወረደ ውኃም አለ። የእኛ እናቶች ከዚያው ገደል ሥር ጀሪካን ተሸክመው ይወጣሉ። የሚቆጭ ይቆጭ፤ እኔም ይቆጨኛል። ቁጭታችን ግን የካይሮን መርከብ ቅጂ ጣና ላይ ለማንሳፈፍ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ካይሮ ቀኑ ስለሚያቃጥል ሕዝቡ በሌሊት ወጥቶ የሚተነፍስባት ግዙፍ ከተማ ናት። እኛ ቀናችን ለምለም፣ ማለዳችን ገነት ሆኖ ሳለ ሌሊቱን ምን ቤት ነን?

ሳልቀምስ የምሳደብ እንዳይመስላችሁ። ከውጭ የመጡ ዘመዶቼን አጅቤ፣ አክስቴንም ከአዲ አርቃይ አስከትዬ ተሳፍሬያለሁ። የጀልባውን ስም አልጠራም፤ ዛሬ እንዲያ ያለው ነጋዴ ብዙ ነው። ለአንድ ሰው የከፈልነው ገንዘብ እኛ ዘንድ አንድ ቤተሰብ በርከት ላሉ ቀናት የሚያስተዳድር ነበር። ጀልባው ላይ ማድ ቤት ስለሌለ ምግቡ ከየብስ ተሠርቶ ነው የሚጫነው። ከእግራችን በታች ቆሮሶውና አምባዛው እየዋኘ፣ እኛ ሳህን ላይ ግን ቀዝቅዞ የደረቀ ዓሣ ቀረበ። ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልሞቀ ቀይ ወጥ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ጾመኛዋ አክስቴ የጾም ምግብ ስትጠይቅ አስተናጋጁ ሰላጣ አመጣላት፤ ሰላጣው ላይ እንቁላል! በዳቦና በአምቦ ውኃ አመሸች። ዲጄው ደግሞ ሰው ጎረቤቱን እንዳይሰማ የማለ ይመስል ነበር። ጀልባው ራሱ የትም አልሄደም፤ ከከተማው መብራት ሳይርቅ እዚያው ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ መሰለኝ፤ ግንዶቹ እኛው።

ስንወርድ አክስቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «ልጄ፣ ይኸን ጨለማ እኮ አዲ አርቃይም በነፃ እናገኘዋለን» አለችኝ። መብራት ጠፍቶ ስንት ቀን እንደምናመሽ የሚያውቅ ሰው ፍርዱ ገብቶታል።

የውኃ ላይ እራት ሲነሣ የዚህ አገር ውዱ የወንዝ እራት ትዝ ይለኛል፤ ጀልባ ግን አልነበረውም። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት በተደረገው «ገበታ ለሸገር» አንድ ሰው ለአንድ ገበታ 5 ሚሊዮን ብር ከፈለ፤ ገንዘቡም የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ ለማስዋብ ነው ተባለ። ቀጥሎ «ገበታ ለሀገር» መጣ፤ ጎርጎራም ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ሆነ። የተሠራው ሥራ ጎርጎራን አሳምሯል፤ ዓይኔን አልጨፍንም። ግን ገበታ ሲዘረጋ አገር ይለማል የሚለው አስተሳሰብ ከላይ ሲወርድ ታች ያለው ነጋዴ ደግሞ በየጀልባው ገበታ ዘረጋ። ሁሉም ነገር በእራት ይጀመራል፤ በእራት ያልቃል። የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ጃናሞራና አካባቢው በድርቅ ሲመታ የዘመዱን ከብት ሲያልቅ ያየ ነው። የምግብ ትርፍ ማሳያ አድርጎ ሐይቅ ላይ መውጣት አይዋጥለትም።

ነገሩ ከብር የሚያልፍበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1989 ለንደን ውስጥ ማርሾኔስ የተባለች የድግስ ጀልባ በሌሊት አሸዋ ከምትዝቅ መርከብ ጋር ተጋጭታ 51 ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ቡዳፔስት ላይ በዳኑብ ወንዝ ከተማ ለማየት የወጡ የደቡብ ኮሪያ ጎብኚዎችን የያዘች ጀልባ በምሽት ተገጭታ ሰመጠች፤ ከ25 በላይ ሰው ሞተ። እነዚያ ራዳር፣ የወንዝ ፖሊስ፣ በደቂቃ የሚደርስ አምቡላንስ ያላቸው ከተሞች ናቸው። እኛ የተሳፈርንበት ጀልባ ላይ የሕይወት አድን ጃኬቱ የት እንዳለ ስጠይቅ «አይዞህ፣ ምንም አይመጣ» ነበር መልሱ። ጣና ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚነሣበት ሐይቅ ነው። ጠዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ማዕበሉን ያነሣል። ይህን ባለጀልባዎቹ ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቁታል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ አረምም በጨለማ ሞተር ውስጥ ተጠቅልሎ ቢይዝ የሚያየው የለም።

ከወረዱ በኋላስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ እኛ ከአዲ አርቃይ ጎንደር ለመድረስ «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?» ብለን ሦስት ሰው ጠይቀን የምንነሣ ሕዝብ ነን። በዚህ ጊዜ ሴትና ሽማግሌ፣ ሕፃንና እንግዳ በምሽት 3 ሰዓት ወደብ ላይ አውርዶ «ደኅና እደሩ» ማለት መዝናኛ ይባላል?

አሁን ወደ ባለጀልባዎቹ። አንዱ ወዳጄ ተቆጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ደመወዝ አለህ። የእኛ ጀልባ ፈረንጅ ጠፍቶ ዛገ። ማታውን ለአገሬ ሰው ካልሸጥን ምን እንብላ?» ይህ የራበው ሰው ክርክር ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። ግን ልመልስለት። የአገርህን ሰው ያራቅከው ራስህ ነህ። ጀልባህን በሙሉ እንጂ በወንበር አታከራይም። ሁለት ሆኖ የመጣ መምህር የአሥር ሰው ዋጋ ክፈል ሲባል ተመልሶ ይሄዳል። ማለዳውን በወንበር ሽጥለት። 12 ሰዓት ተኩል ይነሣል ካልክ 12 ሰዓት ተኩል ተነሣ። ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ወር ጎረቤቱንም ይልክልሃል። ለቡፌውና ለዲጄው የምታወጣው ወጪ ኪስህ ይቀራል። የእራቱ ብር የሚገባው ሆቴሉና ድምፅ አከራዩ ኪስ ነው፤ አንተ የነዳጅህን እንኳ በወጉ አታገኝ።

ዋጋ የሚያወጣውን ጉዞ እነሆ። ከባሕር ዳር በማለዳ ተነሡ። ሐይቁ ጸጥ ብሎ፣ ታንኳዎቹ ማገዶና ዓሣ ጭነው ሲመጡ ታገኟቸዋላችሁ። ታንኳ መሥራት ከጥንት የወይጦ ማኅበረሰብ ሙያ ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ሲሠራ ዳር ላይ ቆሞ ማየት ከማንኛውም ዲጄ ይበልጣል። ዘጌ ውረዱ። በቡናው ጫካ ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ በእግራችሁ ሂዱ፤ የመቅደሱን ግድግዳ የሞላውን ሥዕል በቀን ብርሃን እዩ። ሴቶች ካሉባችሁ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ እንደማይገቡ አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ ጀልባ ላይ የሚጣሉ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ጊዜ ላለው ደቅ ደሴት አጠገብ ናርጋ ሥላሴ አለ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራችው። ለጎንደሬ ደግሞ ይህን ልጨምር፦ ከተማችሁን የቆረቆረው ፋሲለደስ አጽሙ ያረፈው እዚሁ ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ያንን ንጉሥ «ሞቅ ሞቅ አድርጉት!» እያሉ በስፒከር ማለፍ የሚያምርበት ማን ነው?

ጎርጎራ ለሚቀርበው ደብረ ሲና ማርያም አለች። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በማለዳ ተነሥቶ የሚደረስበት መንገድ ነው፣ ሰላም በሆነ ቀን።

ምሳችሁን ወርዳችሁ ብሉ። ሐይቁ ዳር ዓሣው ከመረብ ወጥቶ ዘይት የሚገባባቸው ቤቶች አሉ። ለብለቡን፣ ጉላሹን፣ ዱለቱን አዝዙ፤ እጃችሁ ይቃጠል። ያኔ ለገዳሙ መግቢያ፣ ለአስጎብኚው ልጅ፣ ለዘጌ ቡና አፍዪዋ፣ ለዓሣ ጠባሿ ብራችሁ ይከፋፈላል። ደክሟችሁ ትተኛላችሁ፤ ያየነውን እናውራ ስትሉም ወሬ አይጠፋችሁም።

ጎንደር ውስጥ ሆኖ «ውኃና ብርሃን አሳዩኝ» የሚለኝን ዘመድ ደግሞ ጥር 11 ቀን ከሌሊት ጀምሮ የፋሲል መዋኛ ዙሪያ አቆመዋለሁ። ከቀሃ ወንዝ ተመልቶ፣ በሻማና በማኅሌት ተከብቦ፣ ሲነጋ ተባርኮ። ቲኬት የለውም።

አንድ ጊዜ ከአዲ አርቃይ ወደ ዋልድባ አቅጣጫ እየጠቆምኩ ለዚያ ለቶሮንቶው ነግሬው ነበር። ዋልድባ በወንዞች የታጠረ ገዳም ነው፤ ከአጥሮቹ ዛሪማና ተከዜ ይገኙበታል። መናኞቹ እህል አይቀምሱም፤ ቋርፍ ይበላሉ፣ ከሙዝ ሥር የሚዘጋጅ፣ ጨው የሌለው። ወንዝ ዳር እራት ከፈለግህ እሱ አለልህ ብለው በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ግማሹን የምሬን ነበር።

ሙሽሮች ጀልባ ተከራይተው መደገስ ቢፈልጉ ይደግሱ፤ ድግስ ነው፣ ማንም ጣና አየሁ አይልም። ጉብኝት ነው ብሎ ለሚሸጥላችሁ ግን ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ጠይቁት፦ በስንት ሰዓት በእርግጥ ይነሣል? ይሄዳል ወይስ ወደቡ አጠገብ ይዞራል? ምግቡ የት ይበስላል፣ የጾም አለው? ለሰው ሁሉ ጃኬት አለ፣ አሁኑኑ ቆጥረህ ታሳየኛለህ? ስንወርድ ማን ቤታችን ያደርሰናል? ከእነዚህ በአንዱ ላይ «አይዞህ» የሚል መልስ ከሰማችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ለጣና ትራንስፖርት ኃላፊዎችም አቤቱታ አለኝ። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና የብሱን አቋርጣ የመጣችው ጣናነሽ 2 የሕዝብ መርከብ ናት። የፊተኛዋ ጣናነሽ ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ ጎርጎራ ስትገባ ዶሮና እህል ከጫነ ገበሬ ጋር ተማሪና እንግዳ አብሮ ይቀመጥባት ነበር። ከዚያ የተሻለ የጣና ጉብኝት ማንም አልሸጠም። አዲሷንም የምሽት ቡፌ አታድርጓት። የተቆረጠ ሰዓት፣ የተለጠፈ የወንበር ዋጋ፣ የማለዳ ጉዞ ስጡን፤ እኛም ከአዲ አርቃይ ልጆቻችንን ይዘን እንመጣለን።